የከርሞ ዘር

ሸዋ ሮቢትን ሰው የሚያውቃት በሙቀቷ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ ምሳውን ይበላል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ «እዚህ አገር ሰው እንዴት ይኖራል?» ብሎ ይሄዳል። እኔ አልከራከረውም፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። በጥቅምት፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ እኛ ግቢ ቁጭ ብሎ ወደ ጣርማ በር ተራሮች ቀና ብሎ ያላየ ሰው ስለ ቆላ የሚያወራው ወሬ ለእኔ ወሬ አይደለም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አራቱን ወቅቶች ሳስተምር መጸው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ የነበረው ሥዕል ቅጠሉ ሁሉ ቀልቶ መሬት ላይ የተነጠፈ የፈረንጅ አገር ዛፍ ነው። ልጆቹ ሥዕሉን አይተው «ቲቸር፣ ዛፉን ምን ነክቶት ነው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? መጽሐፉን አስዘግቼ ወደ መስኮቱ እወስዳቸውና ውጪውን እዩ እላቸው ነበር። የእኛ መጸው፣ አገሬው ጥቢ የሚለው፣ ቀለሙን የሚያወጣው በመርገፍ ሳይሆን በመብሰል ነው። ማሽላው ራሱን ያቀላል፣ ማሾው ይጠቁራል፣ ሣሩ ከሥሩ ጀምሮ ገለባ ይመስላል፣ ተራራው ደግሞ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ቢጫ ይሆናል። ልጆቹ ይህንን ሁሉ በየቀኑ ሲያዩት ስለኖሩ ብዙም አይደነቁም ነበር። የሚደነቁት በእኔ ንዴት ነው።

በግቢያችን ቀይ ቅጠል የሚያወጣ አንድ ዛፍ አለ፤ ማንጎው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ አዲስ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ጫፍ ጫፉ ላይ እንደ መዳብ ይቀላና ለስላሳ ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል። አረንጓዴ የሚሆነው ቆይቶ ነው። ባለቤቴ ይህን ቀይ ቅጠል በጣም ትወደዋለች። «ሕፃንም እኮ ሲወለድ ቀይ ነው» ትላለች። ከሥሩ የእንጨት አግዳሚ አለን፤ ሥራ ስንጨርስ እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን ውሃ እየጠጣን ወደ ላይ እናያለን። ብዙ ጊዜ ምንም አንነጋገርም። በትዳር ውስጥ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥን የመሰለ ነገር እንደሌለ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ዝም የምል ሰው አልነበርኩም።

ሥራው ብዙ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግቢው የእኛ መሆኑ ቀርቶ የአረሙ ይሆናል። እሷ ማጭድ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ መጥረጊያና አካፋ ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ። እሷ ስታጭድ ለዓይኗ የጣማትን አበባ ሁሉ እየዘለለች ስለምታልፍ ከኋላዋ ያለው ሣር ጭንቅላቱ ላይ ላሽ ያለበት ልጅ ይመስላል። እኔ ደግሞ ስጠርግ መስመሩን እጠብቃለሁ። መስመሩ ከጎደለ እመለሳለሁ። እሷ ዞር ብላ ታየኝና «ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው እንዴ መምህር?» ትለኛለች። መምህር የምትለኝ ልታሾፍብኝ ስትፈልግ ብቻ ነው። እኔም አንቺ የዘለልሽውን አበባ ፍየል ይበላዋል እላታለሁ፤ ፍየል የለንም። እንዲህ እንዲህ እያልን እስከ ረፋዱ ድረስ እንሠራለን። ፀሐይዋ ሳትከር ወደ ጥላ እንገባለን፣ ዘንበል ስትል ደግሞ እንወጣለን።

ማታ አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ የቀሚሷ ጠርዝ ሁልጊዜ የሰይጣን መርፌ ይሞላዋል፤ ያ ጨርቅ ላይ የሚሰካው ጥቁር የአረም ፍሬ። እሷ ትጎትተዋለች፣ ልብሱ ይተረተራል። ስለዚህ እኔ ነኝ የምለቅመው። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ እነቅላለሁ፤ እሷ እግሯን ዘርግታ የሰፈሩን ወሬ ትነግረኛለች። ዓይኔ እየደከመ ስለመጣ ሥራው ይረዝማል። እንዲረዝምም እፈልጋለሁ፤ አልዋሽም።

ጥቢ እንዲህ የሚያምረውን ያህል ግን ክፉም ነው። ዝናቡ ሲያቆም በየጉድጓዱ፣ በየቆርቆሮው፣ በየጎማው ውስጥ ውሃ ይቀራል። ከውሃው ትንኝ ይወጣል፣ ከትንኙ ወባ። የቆላ ሰው የግቢውን ውሃ የሚያፋስሰው ለማሳመር ብሎ አይደለም። እኔን ወባ ብዙም አይደፍረኝም፤ ቢይዘኝም በክኒን ይለቀኛል። እሷን ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በጥቢ በጥቢ እየተመላለሰ ይይዛት ጀመር። ባለፈው መስከረም ከሁሉም ባሰ። በዓሉን ቆማ ያስተናገደች ሴት በማግሥቱ ያለንን ልብስ ሁሉ ደርባ ትንቀጠቀጥ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚህ ሙቀት። ከዚያ ትኩሳቱ ሲመጣ እኔን በአባቴ ስም እየጠራች ውሃ ትለምነኝ ነበር። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስወስዳት ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ነበር የሄደችው። ክብደት አልነበረውም። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ከዳነች በኋላ ሁለታችንንም አስቀምጦ ደሟ እንዳለቀ፣ ሌላ አንድ ጥቢ እዚህ ብትደግም ሰውነቷ እንደማይችለው ነገረን። አጎበሩ ጥሩ ነው፣ ውሃ ማፋሰሱም ጥሩ ነው፣ ግን ወደ ደጋ ብትወጡ ነው የምመክረው አለን። ልጃችን ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ይህን ስትሰማ በስልክ አለቀሰች፤ ከዚያም አንድ ክፍል አጽድታ አልጋ አስገብታ ጠበቀችን። ማሽላው ከታጨደ በኋላ እንደምንወጣ ተነጋገርን። ተነጋገርን ማለት እኔ «እንሄዳለን» አልኩ፣ እሷ «እሺ» አለች፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳነውም።

ያላነሳነው በእኔ ምክንያት ነው። ለእኔ ብርድ አይስማማኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ታኅሣሥ ልጃችንን ለመጠየቅ ወጥተን ነበር። መኪናው የጣርማ በርን መሿለኪያ አልፎ ወጥቶ ጉሙ መስኮቱን ሲነካው ጉልበቴ ከእኔ በፊት አወቀው። ደብረ ብርሃን ስደርስ ጣቶቼ ደርቀው የሸሚዜን ቁልፍ ባለቤቴ ነበረች የምትቆልፍልኝ። ኮፍያዬን አድርጌ፣ ካልሲ ደርቤ ተኝቼም ቁርጥማቱ ያስቃስተኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝና ልጄና ባሏ ግራና ቀኝ ደግፈው ፀሐይ ላይ አወጡኝ። ፀሐይዋም ለዓይን እንጂ ለአጥንት የምትሆን አልነበረችም። ያሰብነውን ያህል ሳንቆይ ወረድን። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ እንደ ልጅ ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን ስትስቅ አላየኋትም።

እና ይኸው ነው ጉዳዩ። ቆላው እሷን ይገድላል፣ ደጋው እኔን ያጎብጣል። እኔ ግን አንዴ ቆርጬ ነበር። አብሬያት እወጣለሁ፣ ብጎብጥም እጎብጣለሁ፤ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሰው እስካለች ድረስ ምን ቸገረኝ። ይህን ለእሷ በቃል አልነገርኳትም። «እንሄዳለን» ማለቴ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ጥቅምት ገባ። ያን ጥቅምት ግቢው እንደዚያ አምሮ አላየሁም። ወይም ለመጨረሻ ጊዜ የማየው ስለመሰለኝ ይሆናል። ፓፓያው ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ ቆርቆሮው ላይ ያሰጣነው በርበሬ ደም መስሏል፣ ማንጎው ያን ቀይ ቅጠሉን አውጥቷል። እሷ ከበሽታዋ ተነስታ ማጭዷን ይዛ ወጣች። ተዪው፣ እኔ እሠራዋለሁ ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሁለታችንም ስንሠራ እንቀልዳለን፣ እንስቃለን። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባል የለ፤ የእኛም ሳቅ እንደዚያ ነበር።

ከቤታችን ጀርባ እስከ ቅንጭብ አጥሩ ድረስ ማሽላ እንዘራለን። ሰፊ መሬት አይደለም፤ ግን ለዓመት የሚሆን ንፍሮና ቂጣ አያሳጣንም። ዘሩ ከባለቤቴ እናት የመጣ ነው፤ ራሱ ጠበቅ ያለ፣ ፍሬው ቀይ፣ ሲበስል ሩቅ የሚታይ ማሽላ። ከእኛ ወስዶ ያልዘራ ጎረቤት የለም። እዚህ ላይ ስለ ዘሩ አመራረጥ ልንገራችሁ። ባለቤቴ በተወለደችበት የቀወት መንደር ዘር የምትመርጠው ሴቷ ናት። ከአጨዳ በፊት፣ ማሽላው ገና ቆሞ ሳለ፣ ብቻዋን ትገባና ራሱ የሞላውን፣ ወፍ ያልደፈረውን፣ አገዳው ያልታመመውን እያየች በአንገቱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስራለች። ወንድ አይገባም፣ አስተያየትም አይሰጥም። ጨርቅ የታሰረበት ማሽላ ሲታጨድ ለብቻው ይሆንና ማድ ቤት ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል፣ እስከሚዘራ ድረስ ማንም አይነካውም። እናቷ ትለው የነበረውን እሷም ትለዋለች፤ ጨርቅ የታሰረበትን የበላ ሰው በዚያ ማሳ ከርሞ አይዘራም። ልጃችን ትንሽ ሆና አንዴ ከተሰቀለው ላይ ዘግና ቆልታ ስትበላ የተገረፈችውን ያህል በሌላ ጥፋት ተገርፋ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኔ ከማሽላው ሥር ያለውን ቦይ አጸዳ ነበር። አካፋውን አቁሜ ወገቤን ላቀና ቀና ስል ከማሽላው ራሶች ባንዱ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሮ አየሁ። የአሮጌ ሻሿ ቁራጭ ነው፤ አወቅሁት። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ አለ። ከዚያ ወዲያም ሌላ።

ዘር መርጣለች! ደብረ ብርሃን ማሽላ አይበቅልም፤ ብርዱ እንኳን ማሽላ እኔንም አያበቅልም። ዘር የምታስቀር ሴት ለከርሞ እዚህ ልትዘራ አስባለች ማለት ነው። አንሄድም ማለት ነው! እዚያው ቦዩ ውስጥ ቆሜ ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ወዲያው ሐኪሙ ትዝ አለኝ። ደስታዬ ሳያልቅ ፍርሃቱ መጣ። ይህች ሴት ለእኔ ጉልበት ብላ ልትሞት ነው እንዴ? አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎት እንደዚያ ሊፈራ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ አገዳ ሲቆርጥ አየኝ። የይፋት ልጅ ነው፤ አባቶቹ ከእኛ በፊት እዚህ የነበሩ፣ በሮመዳን የሚያፈጥርበትን ለእኛም የሚያቃምስ ሰው። ጨርቁን ከአጥሩ በላይ አሻግሮ አይቶ ፊቱ በራ።

«መምህር፣ እትዬ ዘር አስቀርተዋል! ወላሂ ትሄዳላችሁ ብዬ አዝኜ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ለከርሞም እዚሁ ናችሁ።»

ኢንሻአላህ አልኩት። እሱ አገዳውን ጥሎ ሚስቱን ለማብሠር ሄደ። የመንደሩ ሰው ጨርቅን የሚያነበው እንደዚህ ነው፤ ሌላ ማንበቢያ የለውም። እኔም የተማርኩት ሰውዬ ያነበብኩት እንደሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የቀሚሷን ጠርዝ ይዤ የሰይጣን መርፌውን እየለቀምኩ፣ ቀና ሳልል፣ ጨርቁን እንዳየሁ ነገርኳት። ደስ እንዳለኝም፣ ግን ልፈቅድላት እንደማልችል፣ ለእኔ ብላ ወባ ለወባ እንድትኖር እንደማልፈልግ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ረጅም ንግግር ነበር፤ ክፍል ውስጥ የለመደብኝ ነው። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ዘሩ ለአንተ ነው» አለችኝ።

አልገባኝም። ቀሚሷን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

«እኔ እሄዳለሁ፤ አንተ ትቀራለህ። ከእነ ማሽላህ፣ ከእነ መጥረጊያህ። የጎረቤታችን ሚስት እንጀራህን ትጋግርልሃለች፤ ተነጋግረናል። ጨርቁን ያሰርኩት ዘር የቱ እንደሆነ ስለማታውቅ ነው። እኔ ባልኖር ያገኘኸውን ትዘራለህ።»

እንደዚህ ብላ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ገበያ ሄዳ ሽንኩርት የምትገዛ ይመስል። ቀስ ብላ ሁሉንም አወጣችው። በዚያ ታኅሣሥ ልጄና ባሏ ደግፈው ሲያወጡኝ በመስኮት ታይ ነበር። ቁልፌን ስትቆልፍልኝ ጣቶቼ እንደ እንጨት ነበሩ። እኔ ተኝቼ ሳቃስት እሷ አልተኛችም ነበር። ለእሷ ስል እዚያ ወጥቼ አንድ ክረምት እንደማልዘልቅ ታውቃለች። ፋሲካን እሷ ትወርዳለች፣ ወባ በማይኖርበት፤ ለሌላው በዓል እኔ እወጣለሁ፣ ለጥቂት ቀን፤ እንደ እንግዳ።

አይሆንም አልኩ። አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ድሮም ቆርጬ ነበር አልኩ። እሷም ያን ጊዜ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ አንተ ከሄድክ እኔ አልሄድም፣ እዚሁ እሞታለሁ እንጂ አንተን አልጋ ላይ አስሬ አልኖርም አለችኝ። እንደማትቀልድ አውቃለሁ። ይህች ሴት ስትቀልድ መምህር ነው የምትለኝ፤ ያን ቀን ግን በስሜ ነበር የጠራችኝ።

ተነስቼ ሄድኩ። ምን ይባላል? ተናደድኩ። በእሷ ተናደድኩ፣ በሐኪሙ ተናደድኩ፣ ይፋትን ከደጋው በታች ባደረገው ተራራ ተናደድኩ። መጥረጊያዬን አንስቼ የተጠረገውን ግቢ እንደገና ጠረግሁ። እሷም ማድ ቤት ገብታ ሰሃን ታንኳኳ ጀመር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ቤት ሁለት ሞኞች ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሁሉም ነገር እናወራ ነበር፤ ስለ በርበሬው፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ልጃችን። ያንን ግን አላነሳነውም። ጎረቤታችን ደግሞ በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ «ለከርሞ ኢንሻአላህ ቦዩን በዚህ በኩል ብናወጣው» እያለ ያማክረኝ ነበር። አዎ፣ አዎ እለዋለሁ፤ ሆድ ይፍጀው።

ብቻዬን ስሆን እሷ የሌለችበትን ግቢ ለማየት እሞክር ነበር። ማጭዱ ማድ ቤት ተሰቅሎ፣ አግዳሚው ላይ እኔ ብቻ ተቀምጬ፣ ማንጎው ቀይ ቅጠል አውጥቶ። ቀሚስ የለም፣ የሰይጣን መርፌ የለም። መስመሩን ጠብቄ እጠርጋለሁ፣ የሚያሾፍብኝ የለም። ቁርጥማት የለብኝም፣ ጣቶቼ ይታዘዙኛል፣ ቁልፌን ራሴ እቆልፋለሁ። ለምን እንደምቆልፈው ግን አልታይ አለኝ።

ኅዳር ገባ። ኅዳር ሲታጠን ለማጤስ የክረምቱን ጉድፍ ሁሉ አጥሩ ጥግ ከምረን ነበር፤ የደረቀውን አረም፣ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ፣ የማንጎውን አሮጌ ቅጠል። ከሚካኤል በፊት ማሽላውን ማጨድ ነበረብን። የአጨዳው ጠዋት ባለቤቴ የተቆረጠውን የምንጭንበትን ጆንያ ልትዋስ ጎረቤት ዘንድ ሄደች። እኔ ማጭዱን አነሳሁ። ያን ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ አስቤው ነበር ልል አልችልም። ማጭዱን ይዤ ማሽላው ውስጥ ስገባ ነው እጄ ወደ ሰማያዊው ጨርቅ የሄደው።

ጨርቁን ፈታሁና ኪሴ ከተትኩ። የማሽላውን ራስ ቆረጥኩ። ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ሁሉንም ፈታሁ፣ ሁሉንም ቆረጥኩ፤ አንድም አላስቀረሁም። በሰሌኑ ላይ አድርጌ በዱላ ወቃሁት። ቀይ ፍሬው ሰሌኑ ላይ ተፈነጣጠረ። ዕድሜ ልኬን ዘር ነክቼ አላውቅም። የሌላ ሰው ዕቃ የምሰርቅ ይመስለኝ ነበር። ግን አላቆምኩም። አንገዋለልኩትና ድስት ውስጥ ጨምሬ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ምድጃውን አነደድኩና ጣድኩት።

እሷ ጆንያውን ይዛ ስትመለስ መጀመሪያ ማሽላውን አየች። ዘሩ የቆመበት ቦታ ላይ አገዳው ብቻ ነበር። ከዚያ የማድ ቤቱን ጭስ አየች። ከዚያ እኔን። ጨርቆቹን ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አደረግሁላት።

«ምን አደረግህ?» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው።

ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረኝም። «ጨርቅ የታሰረበትን የበላ ሰው በዚያ ማሳ ከርሞ አይዘራም» አልኳት። «እኔ ልበላው ነው።»

ጨርቆቹን ይዛ ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ጨርቆቹን ጭኗ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤ እንደሚታጠፍ ልብስ። እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር አለች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዘሩስ አይጠፋም፣ ጎረቤታችን ዘንድ አለ፣ መንደሩ ሁሉ ዘርቶታል አልኳት። እሱን አውቃለሁ፣ የማለቅሰው ለዘሩ አይደለም አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እኔም ዓይኔ ረጥቦ ነበር።

ብዙ ቆይታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ጨው ጨምረህበታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልጨመርኩም ነበር። ተነስታ ማድ ቤት ገባች። ድስቱን ከፍታ ስታማስል በሩ ላይ ቆሜ ጀርባዋን አይ ነበር። ሳትዞር፣ እዚያ ስንደርስ ጋቢ ደርበህ ነው የምትለብሰው፣ ቤት ውስጥም ቢሆን አለችኝ። እሺ አልኳት። ጠዋት ጠዋት በዘይት ጣትህን እያሸሁልህ እጮህብሃለሁ አለች። ጩኺብኝ አልኳት። ከዚያ ጨው ጨምራ እንደገና አማሰለች።

ንፍሮውን በሰፊ ሳህን አድርጋ አወጣችው። ትልልቅ፣ ቀይ፣ የፈነዳ ፍሬ ነበር፤ ለዘር የተመረጠ እህል ሲበላ ምን እንደሚመስል ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ከማንጎው ሥር ተቀምጠን እየዘገንን በላን። ከላይ ጣርማ በር በኩል ተራራው ቢጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ጉም ነበረበት፤ ወደዚያ ልንወጣ ነው። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አይቶን ሊጠራኝ አፉን ከፈተና ሳህኑንና አግዳሚው ላይ የተዘረጉትን ጨርቆች ሲያይ ተወው። ነገሩ ገባው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሳህኑ ጥግ ላይ አንድ ጭብጥ ሲቀር እሷ ወደ እኔ ገፋችው፣ እኔ ወደ እሷ ገፋሁት።

«ዘራችንን በላነው እኮ» አለችኝ።

አብረን ነው የበላነው አልኳትና የቀረውን ለሁለት ተካፈልነው።